ፍሬድሪክ ፍሮቤልና የሕፃናቱ አፀድ

በየሰፈሩ ስናልፍ በብዙ አጥሮች በር ላይ አፀደ ሕፃናት የሚል ጽሑፍ እናያለን። ቃሉ ስለ ለመደብን ቆም ብለን አንመረምረውም። አፀድ ማለት አትክልት የሚበቅልበት፣ አጥርና ጠባቂ ያለው ቦታ ነው። ታዲያ ትንንሽ ልጆች የሚውሉበትን ቤት ትምህርት ቤት ከማለት ይልቅ የአትክልት ቦታ ብሎ የጠራው ማን ነው? ስሙን በጀርመንኛ ያወጣው ፍሬድሪክ ፍሮቤል የሚባል መምህር ሲሆን፣ በአማርኛ የምንጠራበትም ስም ከእርሱ ስያሜ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ሕይወት ልንተርክላችሁ አስበናል።

ወደዚህ ታሪክ የመራን ነገር ትንሽ ነው። የሕፃናትን ክፍል በተራ የምናስተምር ወጣቶች ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የአምስት ዓመት ልጅ፣ መዝሙር በምናስጠናበት ሰዓት፣ ከአግዳሚው ወንበር ሥር ቁጭ ብሎ የለስላሳ ቆርኪ ሲደረድር አገኘነው። ቆርኪዎቹን ቀማነው። ልጁም አለቀሰ፤ በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን ሥርዓት ማስያዝ ተገቢ ነው አልን፤ ግማሾቻችን ግን አንድ ነገር እንዳበላሸን ተሰምቶን ነበር፤ ምን እንዳበላሸን ግን መናገር አልቻልንም። ስለ ሕፃናት ትምህርት የተጻፉ መጻሕፍትን ማገላበጥ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው። በምንገልጠው መጽሐፍ ሁሉ የፍሮቤል ስም ከፊት ከፊት እየመጣ አላሳልፍ አለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሮቤል የተወለደው በሚያዝያ 21 ቀን 1782 በጀርመን አገር፣ በቱሪንገን ደን ውስጥ በምትገኝ ኦበርቫይስባኽ በምትባል መንደር ነው። አባቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። በየመንደሩ የተበተነ ወደ 5000 የሚደርስ ምእመን የሚጠብቁ፣ ሥራ የበዛባቸው፣ ቁጡና ጥብቅ ሰው እንደ ነበሩ ልጃቸው ኋላ ጽፎታል። እናቱ የሞቱት እርሱ ገና የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለ ነው። ስለዚህ ስለ እናት ፍቅር ብዙ የጻፈው ይህ ሰው የእናቱን ፊት አያስታውስም ነበር። የቤት ሠራተኞችና ታላላቅ ወንድሞቹ እየተቀባበሉ አሳደጉት።

አባቱ ሌላ ሚስት ሲያገቡ ሕፃኑ እንደ ገና እናት ያገኘ መስሎት ተደሰተ። የእንጀራ እናቱም መጀመሪያ ላይ ደግ ነበሩ። የራሳቸውን ልጅ በወለዱ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በዘመኑ ጀርመንኛ እንደ እኛ አንተ የመሰለ የቅርበት አጠራር ነበረ፤ ከዚህ ሌላ ደግሞ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው እርሱ ይምጣ፣ እርሱ ይሂድ እያሉ፣ እንደ ሌለ ሰው የሚያናግሩበት ቀዝቃዛ አነጋገር ነበረ። የእንጀራ እናቱ አንተ ማለታቸውን ትተው በዚህ በሁለተኛው ይጠሩት ጀመር። ትንሹ ልጅ የተባረረው በዱላ ወይም በረኃብ አይደለም፤ በአንዲት ተውላጠ ስም ነው። ሽማግሌ ከሆነ በኋላ እንኳ ይህን ነገር አልረሳውም።

አባቱ ማንበብ ሊያስተምሩት ሞክረው ቶሎ ስላልገባው ደነዝ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ከመንደሩ የወንዶች መምህር ጋርም ስለማይስማሙ ልጁን ሴቶች ልጆች ወደሚማሩበት ክፍል ላኩት። በቤቱም የጠፋ ዕቃ ሁሉ፣ የተሰበረ ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ ይላከክ ስለ ነበር፣ ልጁም መጥፎ ነህ ከተባልሁ ብሎ መዋሸት ተማረ። በቤቱ ዙሪያ ያለው የአትክልት ስፍራ ብቻ ጓደኛው ነበር። ቤቱ በሕንፃና በአጥር የተከበበ ስለ ሆነ ወደ ውጭ ወጥቶ ከመንደሩ ልጆች ጋር እንዳይጫወት ተከልክሎ፣ አበባ ሲመለከትና ቅጠል ሲያገላብጥ ይውል ነበር። ከአበባዎቹ ጋር ሲሆን የሚቆጣው የለም። የሕፃናት አፀድ የሚለው ስም ሥሩ ምናልባት እዚህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን፤ ይህ ግን የእኛ ግምት ነው።

አሥር ዓመት ሲሆነው የእናቱ ወንድም የሆኑት ቄስ ሆፍማን የልጁን ኑሮ አይተው አዘኑና ሽታት-ኢልም ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰዱት። በአጎቱ ቤት እምነት ተጣለበት። ወደ ደጅ መውጣት፣ ወንዝ ዳር መሄድ፣ ከእኩዮቹ ጋር መሯሯጥ ተፈቀደለት። ነገር ግን ብዙ ዓመት ተዘግቶ ስለ ኖረ ጉልበቱ ደካማ፣ እጅና እግሩም ያልተፍታታ ነበርና ሌሎቹ ልጆች በጨዋታ ይበልጡት ነበር። መጫወት ራሱ የሚለመድ ነገር እንደ ሆነ፣ ያልተጫወተ ልጅ አንድ ነገር እንደሚጎድለው የተረዳው በገዛ አካሉ ነው። በዚያ ቤት ወደ አምስት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ በልጅነቱ ደስ ብሎት የኖረበት ዘመን ይህ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የወጣትነቱን ዘመን በፍጥነት እናልፈዋለን፤ እርሱ ራሱም መንገዱን የሳተበት ጊዜ ነውና። ታላላቅ ወንድሞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲላኩ እርሱ አይችልም ተብሎ በ1797 ከአንድ የደን ሹም ዘንድ ሙያ እንዲማር ተሰጠ። ሰውዬው ደኑን ያውቃል፤ የሚያውቀውን ማስተማር ግን አያውቅም ነበር። ወጣቱም ሁለት ዓመት ብቻውን መጽሐፍ እያነበበ፣ ቅጠልና ዛፍ እየለየ አሳለፈ። በ1799 እንደ ምንም ብሎ ዬና ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ዕዳ ውስጥ ገብቶ ዘጠኝ ሳምንት በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ታሰረ። አባቱ ዕዳውን የከፈሉለት ከርስታቸው ምንም እንዳይጠይቅ ካስፈረሙት በኋላ ነው። አባቱ በ1802 ሞቱ። ልጁም ከዚያ ወዲህ መሬት ለካ፣ የሒሳብ መዝገብ ያዘ፣ የባላባት ርስት አስተዳደረ፤ በአንዱም አልረጋም።

በ1805 የሕንፃ አሠራር ሊማር ወደ ፍራንክፈርት ሄደ። እዚያም ግሩነር የተባሉ የአንድ ምሳሌያዊ ትምህርት ቤት ኃላፊ አገኙትና አነጋገሩት፤ ሕንፃውን ትቶ መምህር እንዲሆን መከሩት። ፍሮቤል ከዚያ በፊት ስለ ማስተማር አስቦ አያውቅም። ከሠላሳ የማያንሱ ልጆች ፊት በቆመባት በመጀመሪያዪቱ ቀን ግን ዓሣ ውኃ ውስጥ እንደ ገባ ያህል ሆነ፤ ይህንኑ ለወንድሙ በደብዳቤ ገለጠለት። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ደነዝ ተብሎ የተናቀው ልጅ በአንድ ቀን ቦታውን አገኘ።

በዚያን ጊዜ በመላው አውሮፓ ስመ ጥር የነበሩት መምህር በስዊዘርላንድ አገር፣ በኢቨርዶን ከተማ የሚያስተምሩት ፔስታሎትሲ ነበሩ። ፔስታሎትሲ ልጅ ቃል ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን ራሱን ማየትና መንካት አለበት ይሉ ነበር። ፍሮቤል መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ሄዶ ጎበኛቸው፤ ኋላም ከ1808 እስከ 1810 የሚያስተምራቸውን ሦስት የመኳንንት ልጆች ይዞ ሁለት ዓመት ከእርሳቸው ዘንድ ተቀመጠ። ብዙ ተማረ፤ ነገር ግን አልረካም። ትምህርቶቹ እርስ በርሳቸው አልተያያዙም፣ ሥርዓታቸው አልተሟላም ብሎ አሰበ። ከሁሉ ይልቅ ልቡን የነካው ልጆቹ በሜዳ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። ከክፍሉ ይልቅ በጨዋታው ብርታትን፣ መተሳሰብንና ፍትሕን ሲማሩ አየ።

ከዚያም በጎቲንገንና በበርሊን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። በበርሊን ቫይስ በሚባሉ ፕሮፌሰር ሥር የማዕድናትን ክሪስታል አጠና። በ1813 በናፖሊዮን ላይ በተደረገው ጦርነት በፈቃደኝነት ዘመተ፤ በጦሩ ሰፈርም ሚደንዶርፍና ላንገታል የተባሉ ሁለት የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ተዋወቀ። ሁለቱም ለብዙ ዓመታት የሥራ ጓደኞቹ ሆኑ። ከጦርነቱ ሲመለስ በበርሊን በማዕድናት ሙዚየም ውስጥ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ እየለየ ሲውል፣ ክሪስታል ከውስጥ ወደ ውጭ በሕግ እንደሚያድግ፣ ቀላሉ ቅርጽ ከብዙ ክፍሎች እንደሚገነባ አስተዋለ። ይህን ልብ በሉት፤ ኋላ ከልጆች ጠረጴዛ ላይ እናገኘዋለን።

ታላቅ ወንድሙ ክሪስቶፍ የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያስታምም በተስቦ በሽታ ሞቶ ሦስት ወንዶች ልጆች ትቶ ነበር። ፍሮቤል በ1816 ከሙዚየሙ ሥራ ለቆ እነዚህን ሦስቱንና የሌላውን ወንድሙን ሁለት ልጆች፣ በጠቅላላው አምስት ልጆች ይዞ ትምህርት ቤት ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ካይልሃው ወደምትባል የገጠር መንደር ተዛወሩ። ሚደንዶርፍና ላንገታልም መጥተው ተጨመሩ። ትምህርት ቤቱ ድሀ ነበር። ልጆቹ ግን ተራራ ይወጣሉ፣ ወንዝ ይገድባሉ፣ ጎጆ ይሠራሉ፣ አትክልት ይኮተኩታሉ። በ1818 ፍሮቤል ዊልሄልሚነ ሆፍማይስተር የተባለች የተማረች የበርሊን ሴት አገባ፤ እርስዋም የከተማ ምቾቷን ትታ ድህነቱን ተካፈለች። በ1826 ስለ ሰው ልጅ አስተዳደግ ያለውን ሐሳብ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ከባድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም፣ ሐሳቡም በብዙ ቦታ ጭጋግ የለበሰ ነው። በመካከሉ ግን ጨዋታ የሕፃን ዕድሜ ከፍተኛው ሥራ እንደ ሆነ፣ እንደ ቀልድ መታየትም እንደሌለበት የሚያስረዳው ክፍል አለ።

የካይልሃው መልካም ጊዜ ብዙ አልቆየም ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን የጀርመን መንግሥታት ወጣቶችን በሙሉ በጥርጣሬ ዓይን ያዩ ስለ ነበር ትምህርት ቤቱ የአድመኞች ጎሬ ነው የሚል ሐሜት ተነዛ። መርማሪ ተልኮ መልካም ምስክርነት ቢሰጥም፣ ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን አወጡ። ስድሳ ያህል የነበሩት ተማሪዎች በ1829 በጣት የሚቆጠሩ ቀሩ። ፍሮቤል በ1831 ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ሥራ ፈለገ፤ በ1835ም በቡርግዶርፍ ከተማ የሙት ልጆች ቤት ኃላፊ ሆነ።

የሕይወቱ መታጠፊያ እዚህ ነው ለማለት እንደፍራለን። በዚያ ቤት ያሉት ልጆችም ሆኑ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት ሌሎቹ፣ መምህሩ ገና ፊደል ሳያስቆጥራቸው ነገራቸው ያለቀ ሆኖ ታየው። አንዱ ሰውን ይፈራል፣ አንዱ እጁን ማዘዝ አይችልም፣ አንዱ ለምን ብሎ መጠየቅን ትቷል። መልካሙም ክፉውም የተተከለው ከሰባት ዓመት በፊት፣ ማንም ትምህርት ብሎ በማይቆጥረው ጊዜ ነው። እርሱ ራሱ በኦበርቫይስባኽ እንዲህ አልነበረምን? እስከዚያ ድረስ የትልልቅ ልጆች መምህር የነበረው ሰው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ፊቱን ወደ ትንንሾቹ መለሰ። በሚስቱ ሕመም ምክንያት በ1836 ወደ ጀርመን ተመለሰና በ1837 ባድ ብላንክንቡርግ በምትባል ከተማ ለሕፃናት የመጫወቻ ዕቃዎች የሚያዘጋጅበት ቤት ከፈተ።

ዕቃዎቹን ስጦታዎች ብሎ ጠራቸው። ስለ እነዚህ ጥቂት በዝርዝር መናገር እንፈልጋለን፤ የሰውየው ዕውቀት ሁሉ ያለው በእነርሱ ውስጥ ነውና።

የመጀመሪያው ስጦታ በፈትል የተሸፈኑ ስድስት ለስላሳ ኳሶች ናቸው፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ። እያንዳንዱ ክር አለው። እናትየዋ ኳሱን በክሩ አንጠልጥላ በሕፃኑ ፊት ታወዛውዛለች፤ ትደብቃለች፣ መልሳ ታወጣለች፤ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ እያደረገችም ትዘምራለች። ሕፃኑ አለ፣ የለም፣ መጣ፣ ሄደ፣ ላይ፣ ታች የሚባሉትን ከቃላቸው በፊት በዓይኑና በእጁ ይማራል። እናቶቻችን ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ገልጠው ሕፃን ሲያስቁ የሚያደርጉት ሥራ ይኸው ነው፤ ፍሮቤልም ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ አላመጣውም፣ በየቤቱ እናቶችን እየተመለከተ ሰበሰበው እንጂ።

ሁለተኛው ስጦታ ከእንጨት የተሠሩ ድቡልቡል ኳስ፣ ባለ ስድስት ገጽ ኩብና ሲሊንደር ናቸው። ኳሱ ይንከባለላል፣ ኩቡ ይቀመጣል፣ ሲሊንደሩ ሁለቱንም ያደርጋል። ኩቡን በክር አንጠልጥለው ሲያሾሩት ደግሞ ማዕዘኖቹ ጠፍተው እንደ ሲሊንደር ይታያል። ይህን ያየ ሕፃን ደጋግሞ አሹሩልኝ ይላል። የሚለምነው ሳይንስ እንደ ሆነ ግን አያውቅም።

ሦስተኛው ስጦታ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ነው። አንድ የእንጨት ኩብ በእኩል ተቆርጦ ስምንት ትንንሽ ኩቦች ይሆናል፤ በክዳን ባለው ሣጥንም ይቀመጣል። ሣጥኑ በጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ክዳኑ ከሥር ይሳባል፤ ሣጥኑ ሲነሣ ያልተከፋፈለ የሚመስለው ኩብ ሙሉ ሆኖ ይቆማል። ልጁ ከሙሉው ይጀምራል ማለት ነው። ከዚያ ይከፍለዋል፤ ወንበር፣ ደረጃ፣ በር፣ ግንብ ይሠራል። እያደር ደግሞ ኮከብና አበባ የመሰለ ጌጥ ይደረድራል። እንዲሁም ስምንቱ ሁለት አራት፣ አራት ሁለት እንደ ሆነ፣ ግማሹ አራት፣ ሩቡ ሁለት እንደ ሆነ በእጁ ያየዋል። ለዚህ ሁሉ አንድ ደንብ ነበረው፤ ልጁ የሠራውን ንዶ ከባዶ አይጀምርም፤ አንዷን ኩብ ከዚህ ወደዚያ እያዛወረ ወንበሩን ወደ አልጋ፣ አልጋውን ወደ ድልድይ ይለውጠዋል። አንዲት ኩብም ከሥራ ውጭ አትቀርም፤ ለማዕዘን ያልተስማማች ጠባቂ ወይም እንግዳ ሆና አጠገቡ ትቆማለች። ሲጨርስ ሁሉን ሰብስቦ ሙሉውን ኩብ መልሶ ሣጥኑ ውስጥ ያስገባል። የበርሊኑ ክሪስታል እነሆ ልጆች ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

ይህን ባነበብን ጊዜ ከመካከላችን አንዲት እኅታችን የቀማናቸውን ቆርኪዎች አስታወሰች። በኪስ ወረቀት ተጠቅልለው በመሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ቆጠርናቸው፤ 16 ናቸው። ልጁ በአራት ረድፍ አራት አራቱን ደርድሮ፣ ፊትና ጀርባቸውን እያፈራረቀ አስቀምጧቸው እንደ ነበር ሁላችንም ትዝ አለን። ወደ ቤታቸው ሄደን መለስንለት። መልሰን መጠየቃችን ለእናቱ እንግዳ ነገር ሆኖባት ነበር፤ ለቆርኪ ሲሉ መጡ ብላ ሳቀች።

ከስጦታዎቹ ሌላ ፍሮቤል የእጅ ሥራዎች አዘጋጀ፤ ወረቀት ማጠፍ፣ ባለ ቀለም ወረቀት እንደ ሰሌን መጎንጎን፣ በቀጭን እንጨትና በተነከረ አተር ቅርጽ ማቆም፣ ጭቃ ማድቦልቦል፣ መስፋት፣ መሣል። ደግሞም እውነተኛ የአትክልት ቦታ ነበረ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ ተሰጥቶት የወደደውን ይዘራል፤ በዙሪያውም ሁሉም በአንድነት የሚንከባከቡት የጋራ መደብ አለ። የራሱን የረሳ ልጅ ሲደርቅበት ያያል፤ ማንም አይገርፈውም።

የስሙ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ አስጨንቆት ነበር። መጀመሪያ ቤቱን የጠራበት ስም ረጅምና የማይጥም ነበር። በ1840 ከጓደኞቹ ከሚደንዶርፍና ከባሮፕ ጋር በኮረብታው መንገድ ወደ ብላንክንቡርግ በእግሩ ሲጓዝ በድንገት የሕፃናት አፀድ የሚለው ስም መጣለትና እንደ ልጅ በደስታ ጮኸ ይባላል። በዚሁ ዓመት ሰኔ 28 ቀን የመጀመሪያው አፀደ ሕፃናት በዚያች ከተማ በይፋ ተመሠረተ። ሚስቱ ዊልሄልሚነ ይህን ሳታይ በ1839 ሞታ ነበር። ለማቋቋሚያ ገንዘብ ለጀርመን ሴቶች ጥሪ አድርጎ አክሲዮን ቢያወጣም ጥቂት ብቻ ተሸጠ። በ1844 ለእናቶች የሚሆን የጣት ጨዋታና የመዝሙር መጽሐፍ አሳተመ፤ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ከሰው ቤት የገባው ይህ ነው።

ሕፃናትን የሚያስተምሩ ሴቶች መሆን አለባቸው ብሎ ማሠልጠን ሲጀምር ብዙ መምህራን ሳቁበት። በዚያ ዘመን የመምህርነት ወንበር በአብዛኛው የወንድ ነበር። እርሱ ግን ከአገሩ ክፍል ወደ ክፍሉ እየዞረ ወጣት ሴቶችን ሰበሰበ፤ በ1848 በሩዶልሽታት በተደረገ የመምህራን ጉባኤ ላይ ዓላማውን በመላው ፊት አቀረበ። ለብዙ ወጣት ሴቶች ከቤታቸው ወጥተው በሙያ የሚኖሩበት በር የተከፈተው በዚህ ነው።

በ1849 ባድ ሊበንሽታይን ወደሚባል የፍል ውኃ ቦታ ሄደ። እዚያም ስልሳ ሰባት ዓመት የሆነው ረጅም ቀጭን ሽማግሌ፣ ነጭ ፀጉሩን እያወናጨፈ ከመንደሩ ባዶ እግር ልጆች ጋር በኮረብታ ላይ ሲሮጥና ሲዘምር የሚያዩ ሰዎች አእምሮው የተነካ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ማረንሆልትስ-ቢውሎ የምትባል አንዲት ባሮነስ ይህን ወሬ ሰምታ ሄዳ ተመለከተች። እርስዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደቀ መዝሙሩ ሆነች፤ ከሞቱም በኋላ ሐሳቡን ወደ ብዙ አገሮች ያደረሰችው እርስዋ ናት። በአቅራቢያው ባለ ማሪንታል በሚባል ቤት ማሠልጠኛውን አቋቋመ፤ በ1851ም ተማሪው የነበረችውን ሉዊዘ ሌቪንን አገባ።

ደስታው ሁለት ወር አልሞላም። በዚያው ዓመት ነሐሴ 7 ቀን የፕሮይስን መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ፎን ራውመር አፀደ ሕፃናት በግዛቱ በሙሉ እንዲዘጋ አዘዘ። ክሱ ሃይማኖትን የሚያጠፋና የሶሻሊስቶችን ሐሳብ የሚዘራ ነው የሚል ነበር። ነገሩ የስም ስሕተት ነው። ስለ ሴቶች ከፍተኛ ትምህርትና ስለ አፀደ ሕፃናት ትንሽ መጽሐፍ የጻፈ ካርል ፍሮቤል የሚባል የወንድሙ ልጅ ነበረ፤ ባለ ሥልጣኖቹ የሁለቱን ፍሮቤሎች ጽሑፍ ቀላቀሉ። ሽማግሌው ስሕተቱን እየዘረዘረ ጻፈ፣ ማስረጃ ላከ፣ አቤት አለ። ሚኒስትሩ አልመለሰም። የቄስ ልጅ ሆኖ በጸሎት ያደገ፣ የፈጣሪን ሥራ በአበባና በድንጋይ ውስጥ ሲፈልግ የኖረ ሰው በከሃዲነት ተወነጀለ። እንደ ልጅነቱ ጊዜ፣ ያላደረገው ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ ተላከከ። የዚህ ጊዜ ግን አልዋሸም፤ ጽሑፎቹን አነጥፎ ቆመ።

በ1852 የፀደይ ወራት በጎታ ከተማ የጀርመን መምህራን ጉባኤ ሲደረግ ፍሮቤል ዘግይቶ ገባ። ንግግር እየተደረገ ነበር፤ ነገር ግን ጉባኤው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ ታመመ፤ ሰኔ 21 ቀን 1852 በማሪንታል ዐረፈ። ሰባ ዓመቱ ነበር። እገዳው የተነሣው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1860 ነው።

ከሞቱ በኋላ የሆነው ሁሉ መልካም ነበር ብንል እንዋሻለን። አንዳንድ ተከታዮቹ ስጦታዎቹን እንደ ወታደር ልምምድ አደረጉአቸው። ልጆች መስመር በተሠመረበት ጠረጴዛ ተሰልፈው ተቀምጠው፣ በመምህሯ ትእዛዝ ሁሉም አንዷን ኩብ በአንድ ጊዜ እንዲያነሡ ይደረግ ነበር። ይህ ጨዋታ አይባልም። ኋላ የተነሡ የትምህርት ሊቃውንት የተቃወሙትም ይህንኑ ነው። ለዚህ ፍሮቤል ራሱም ጥፋት አለበት እንላለን፤ ኳስ የአንድነት ምልክት ነው፣ ኩብ የብዙነት ምልክት ነው እያለ ለሕፃን የማይደርስ ፍልስፍና ስላበዛበት፣ ምልክቱን ይዘው ልጁን የጣሉ ተገኙ። እኛም አገር ቢሆን በበሩ ላይ አፀድ ተብሎ ተጽፎ፣ የአራት ዓመት ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተጣብቆ የሚጽፍበት፣ የቤት ሥራም ተሸክሞ የሚመለስበት ቦታ አይተናል። ወላጆችም ልጃችሁ ዛሬ ምን ተጫወተ ብለን ስንጠይቃቸው ያፍራሉ፤ ስንት ፊደል ለየ ብንላቸው ግን ይኮራሉ። ፊደል መቁጠር መልካም ነው፤ ሁላችንም በፊደል ገበታ አልፈናል። ነገር ግን ያ ሰሌዳ የማንን ስም እንደ ተዋሰ የሚያውቁ ስንቶች ናቸው?

አፀዱ ግን ተስፋፋ። በ1851 በለንደን፣ በ1856 በአሜሪካን አገር በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው ዋተርታውን ከጀርመን በተሰደዱ ሰዎች እጅ ተተከለ። በ1873 በሴንት ሉዊስ ከተማ ሱዛን ብሎው የምትባል ሴት በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ለማንኛውም ልጅ ክፍት የሆነውን ከፈተች። በ1876 በፊላዴልፊያ ኤግዚቢሽን ስጦታዎቹን ያየች አንዲት እናት ለልጅዋ ገዛችለት፤ ልጁም ኋላ በዓለም የታወቀው የሕንፃ ባለሙያ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው። እነዚያ የእንጨት ኩቦች ከጣቶቹ እንዳልወጡ በሽምግልናው ጽፏል።

ባልዋ ከሞተ በኋላ ሉዊዘ ሥራውን አልተወችም። በሀምቡርግ ከተማ የሕፃናት መምህራንን ስታሠለጥን ኖራ በ1900 ሞተች። ፍሮቤል የተቀበረው ከማሪንታል ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በሽቫይና መንደር ነው። በመቃብሩ ላይ የቆመው ድንጋይ እንደ ሌሎቹ መቃብሮች አይደለም። ሚደንዶርፍ ባወጣው ሐሳብ ከሥር ኩብ፣ በላዩ ሲሊንደር፣ ከሁሉ በላይ ኳስ ሆኖ የተጠረበ ነው፤ ሁለተኛው ስጦታ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ።